ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ

በአዲስ አበባ ለታመመ ኮምፒውተር የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት። ድምፁ ጠፋ? ፎርማት። ፍላሽ በተሰካበት ቁጥር ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት እያደረገ አስቸገረ? ይሄማ ሳይጠየቅም ፎርማት ነው። የጥገና ልጆቹን እያማሁ አይደለም። ብዙዎቹ በትንሽ ብር ትልቅ ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ግን ደንበኛ በር ላይ ተሰልፎ እየጠበቀ የአንዱን ማሽን ጣጣ ሲፈቱ ማምሸት አያዋጣቸውም። ፎርማት ደግሞ አንዴ ከተጀመረ ራሱ ይጨርሳል። ልጁ ማኪያቶውን ይጠጣል፣ ደንበኛው «አለቀልህ» ይባላል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

እኔ ከፎርማት ጋር የተቃቃርኩት ቤታችን ማስታወቂያ ከገባ ወዲህ ነው።

ኮምፒውተራችን የሚኖረው ሳሎን ነው። ባለቤቴ ስክሪኑን ዳንቴል አልብሳዋለች፤ ማታ ማታ ዳንቴሉ ወደ ፊት ይወርዳል፣ ሥራ ሲኖር ወደ ኋላ ይገለበጣል። ማሽኑ የሁላችንም ነው። እኔ እጽፍበታለሁ፣ ባለቤቴ የዕቁብ ሒሳቧን ትይዝበታለች፣ ልጃችን «ለጥናት» ይቀመጥበታል፣ ለጠበል ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ዘንድ የከረሙት፣ እማማ የምንላቸው አማቴ ደግሞ ሶፋው ላይ ሆነው ያዩታል። ስለዚህ እዚህ ስክሪን ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ በአደባባይ የወጣ ያህል ነው።

መጀመሪያ የመጣችው በቀኝ በኩል ከታች፣ ሰዓቱ ካለበት ጥግ ብቅ የምትል ትንሽ ሳጥን ነበረች። ቲንግ ትላለች፣ ጥቂት ትቆያለች፣ ትሄዳለች። እማማ ስልክ እየመሰላቸው «ኧረ ተጠራችሁ! አንሱት እንጂ!» ይሉ ነበር። ቀጥሎ ብራውዘሩን በከፈትን ቁጥር የማናውቀው የፍለጋ ገጽ ይመጣብን ጀመር። ከዚያ አንዱን ነገር ክሊክ ስናደርግ ሌላ መስኮት ከኋላው ይከፈታል፤ እሱን ስንዘጋ ሌላ። የመዝጊያዋ ኤክስ ራሷ የማስታወቂያው ሥዕል አካል የሆነችበት ጊዜም አለ፤ ልዝጋ ብሎ የነካት ሰው ከፍቶት ቁጭ ይላል። «የአንቲቫይረስ ደንበኝነትዎ ዛሬ ያበቃል» የሚልም ነበር። እኛ ቤት ያልተጀመረ ደንበኝነት በየቀኑ ያበቃ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ደግሞ በእኛ ሜጋባይት ነው። ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው ለጋዜጣው ይከፍላል። እዚህ ግን ማንም ሳይነካው የሚጫወት የቁማር ቪዲዮ የወሩን ፓኬጅ እየበላ፣ ከፋዮቹ ተመልካቾቹ ሆንን።

የዲቪው ማስታወቂያ የመጣ ቀን ነገሩ የቴክኒክ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ። ልጄ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፣ እማማ ሶፋው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። ቲንግ። የአሜሪካ ባንዲራ፣ ከሥሩ በትልቁ የተጻፈ ነገር።

«ምን ይላል?» አሉ እማማ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ለአሜሪካ ግሪን ካርድ ተመርጠዋል ይላል።»

«ማን ነው የተመረጠው?»

«እርስዎ ይላል።»

«እኔ?»

«ማለቴ… የሚያነበው ሰው ይመስለኛል።»

«አንተማ ልጅ ነህ፤ ልጅ ምን ያደርግላቸዋል?» አሉና እንዝርቱን አስቀመጡ።

ማታ ከሥራ ስገባ ከደብረ ብርሃን እየተደወለ እንኳን ደስ ያላችሁ ተብሎ አልቆ ነበር። ቁጭ ብዬ አስረዳሁ። ዲቪ ያልሞላ ሰው አይደርሰውም። የሚሞላውም የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በከፈተው ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ውጤቱን አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ገብቶ ያየዋል እንጂ መሥሪያ ቤቱ «ደርሶዎታል» የሚል ኢሜይል እንኳ አይልክም፤ ከሰዓቱ ሥር ብቅ በሚል ሳጥን ሊናገርማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ያንን ሳጥን የተጫነ ሰው የሚጠብቀው ስም፣ ፎቶና የፓስፖርት ቁጥር የሚጠይቅ ቅጽ ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ክፍያ። እማማ በጥሞና ሰሙኝና ስጨርስ፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ ብሄድ ምን ይጎድልብሃል?» አሉኝ።

ይህ ገና ቀላሉ ነው። ባለቤቴ ዕቁቧን እያሰላች ሳለ ትከሻዋን ያራቆተች አንዲት ወጣት ስክሪኑን ሞላችው። ከጎኗ የተጻፈው፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ካሉበት ብዙም ሳትርቅ፣ ልታነጋግርዎ እየጠበቀች ነው ይላል። ባለቤቴ ጽሑፉን ደግማ አነበበችውና ዞር ብላ አየችኝ።

«አዲስ አበባ መሆንህን በምን አወቀች?»

የአይፒ አድራሻን ምንነት በሰላም ጊዜ ማስረዳት ቀላል ነው። ከኢንተርኔት የሚገናኝ ቤት ሁሉ ወደ ውጭ የሚታይበት ቁጥር አለው፣ ቁጥሩ የየትኛው ሀገርና የየትኛው ከተማ እንደሆነ በግምት የሚናገሩ መዝገቦች አሉ፣ ማስታወቂያው የከተማውን ስም ከዚያ ይወስድና ባዶ በተተወለት ቦታ ላይ ይሞላዋል አልኩ። ባለቤቴ ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ሳታቋርጠኝ ስትሰማ ነገሩ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያወጣችኝ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቷ ናት። በቪዲዮ ሲያወሩ ነገሩ ተነሣና እህቲቱ «ቆይ፣ ይህችን እኔም አውቃታለሁ» ብላ የራሷን ላፕቶፕ አዞረችልን። ያቺው ሴት፣ ያው ትከሻ። አድራሻዋ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኗል።

«አያችሁ፣ ዲቪው ለእሷ ነው የደረሳት» አለ ልጄ።

ይህን በራሱ መስኮት የሚከፈት ማስታወቂያ ለዓለም ያበረከተው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ኢታን ዙከርማን ይባላል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ ትራይፖድ የሚባል፣ ሰዎች የግል ገጻቸውን በነፃ የሚከፍቱበት የማሳቹሴትስ ድርጅት ባልደረባ ነበር። አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ነውረኛ ገጽ ላይ ወጥቶ አየና ተቆጣ። ዙከርማን ታዲያ ማስታወቂያው ከገጹ ጋር እንዳይነካካ ለብቻው በሌላ መስኮት የሚከፍት ኮድ ጻፈ። የመኪናውን ኩባንያ ክብር ከነውር ገጽ ለመጠበቅ የተፈለሰፈው ብልሃት ነው እንግዲህ ዛሬ ነውሩን አማቴ ፊት የሚዘረግፈው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2014 ዘ አትላንቲክ መጽሔት ላይ ረጅም ጽሑፍ ጽፎ ይቅርታ ጠይቋል። እኔ በበኩሌ ይቅር ብዬዋለሁ። ባለቤቴ ገና እያሰበችበት ነው።

ብራውዘሮቹ ኋላ ላይ መከልከያ አበጁለት። ማይክሮሶፍት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ የፖፕ አፕ ማገጃ አስገባ። ማስታወቂያ ነጋዴዎቹ ግን ከዚያም በፊት ማሽኑ ውስጥ ገብተው መቀመጥን ጀምረው ነበር፤ አድዌር የሚባለው ይህ ነው። ከቀደምቶቹ ውስጥ የምወደው፣ መውደድ ከተባለ፣ ቦንዚ በዲ የተባለውን ሐምራዊ ጎሪላ ነው። በነፃ ይወርዳል፣ ስክሪን ላይ ይንጎራደዳል፣ ይቀልዳል፣ ይዘፍናል፤ በጎን ደግሞ የብራውዘሩን መነሻ ገጽ ወደ ጌቶቹ ያዞራል፣ መረጃ ይለቅማል። ኩባንያው የዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ አስመስሎ በሚለቃቸው ማስታወቂያዎች ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2003 ማስታወቂያ መሆናቸው እንዲታወቅ ሊያስተካክላቸው ተስማማ። በዓመቱ ደግሞ ከሕፃናት ላይ ያለ ወላጅ ፈቃድ መረጃ በመሰብሰቡ የአሜሪካው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 75,000 ዶላር አስከፈለው። ጎሪላው የዘፈነበት ነው ቢባል እንኳ ርካሽ ነው።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ የሳተላይት ዲሽ ያለውና በዚህ ሰበብ የሕንፃው ሽማግሌ የሆነው ሰው፣ «ምን አደከመህ፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። አዲስም ዋስትና እንደማይሆን ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ሌኖቮ የሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ሱፐርፊሽ የሚባል አድዌር ከፋብሪካው ተጭኖባቸው ነው ከካርቶን የወጡት። ሱፐርፊሽ የባንክ ገጽን የመሰለ የተመሠጠረ ገጽ ሳይቀር እየከፈተ ማስታወቂያ የሚሰካበት የራሱን ሰርተፍኬት ማሽኑ ላይ ተክሎ ነበር። የቁልፉ ፓስወርድ ደግሞ ቴክኖሎጂውን የሠራው ድርጅት ስም ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ባለሙያ ወዲያው ደረሰበት። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2017 ለ32 የአሜሪካ ግዛቶች 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎበት አለቀ። ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ «እና ሌኖቮ አትግዛ» አለኝ። በእሱ ቤት ነገሩ ተፈታ።

እናም ሲፒዩውን ተሸክሜ መገናኛ አካባቢ ወዳለ ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ መብራት ላይ እንኳ ሳይሰካው «ጋሼ፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው» አለኝ። ማስታወቂያው ከየት እንደሚነሣ ቢታይ አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። በትዕግሥት አየኝ። «ጋሼ፣ ፎርማት ሲደረግ ሁሉም ነው የሚጠፋው።» እውነቱን ነው፣ ሁሉም ጠፋ። የልጄ ጨዋታዎች፣ የባለቤቴ ፎንቶች፣ ፓወር ግዕዝ፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር። ፎቶዎቹን አስቀድመን ፍላሽ ላይ ገልብጠን ስለነበር ተረፉ። ማሽኑ ንጹሕ፣ ፈጣን፣ እንደ ሙሽራ ሆኖ ቤት ገባ፤ ዳንቴሉም ታጥቦ ጠበቀው።

ማታውኑ ባለቤቴ ብራውዘሯን ከፍታ በአካውንቷ ገባች። ቡክማርኮቿ ተመለሱ፣ ፓስወርዶቿ ተመለሱ፣ «አቤት ሲያስደስት!» አለች። ቀጥሎ ያ የማናውቀው የፍለጋ ገጽ ተመለሰ። ከኋላው የሚከፈተው መስኮትም ተከተለ።

ፎርማት የሚያጸዳው ዲስኩ ላይ ያለውን ነው። ባለቤቴ ብራውዘሯ ላይ የጫነቻቸው ኤክስቴንሽኖች ዝርዝር ግን ከአካውንቷ ጋር ውጭ፣ ጉግል ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ሲንክ የሚባለው አገልግሎት ሥራው የነበረውን ሁሉ በታማኝነት መመለስ ነውና ክፉውንም ደጉንም ሳይለይ አመጣው። ለቁንጫ ብለን ቤት አቃጠልን፤ ቁንጫው ለካ ከሻንጣው ጋር ዘመድ ቤት ሰንብቷል። ቲንግ የምትለዋ ሳጥን ብቻ ጠፍታ ነበር። እሷም ልጄ የቅዳሜውን ጨዋታ ካየ በኋላ ተመለሰች።

እዚህ ላይ የቤት ውስጥ ምርመራ ተከፈተ። አበሻ ቤት የተበላሸ ዕቃ ሲገኝ የምስክርነቱ ቃል ሁሌም አንድ ነው፤ «እኔ አልነካሁም።» ባለቤቴ አልነካችም። ልጄ አልነካም። እማማ ሳይጠየቁ «እኔማ መች ደርሼበት!» አሉ። ቢሆንም ሻይ ቀርቦ ነገሩ እየሰፋ ሲሄድ እውነቱ ከየአቅጣጫው መንጠባጠብ ጀመረ።

ባለቤቴ የዕቁብተኞቹን ዝርዝር ከፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይር ኤክስቴንሽን ጭና ነበር። «ቀይሮልኛል እኮ!» አለች። ቀይሮላታል። ሲጫን ግን በሚጎበኟቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለዎትን መረጃ ማንበብና መቀየር እችላለሁ የሚል ፈቃድ ጠይቆ ነበር። አንዲት ፋይል ለመቀየር ይህን ሁሉ ሥልጣን ምን ያደርግለታል? የሰው መታወቂያና የቤት ቁልፍ ካልተሰጠኝ እንጀራ አልገዛላችሁም የሚል ተላላኪ ማን ይቀጥራል? ኤክስቴንሽን ላይ ሲሆን ግን ሁላችንም እንቀጥራለን።

የልጄ ነገር የሚጀምረው ከኳስ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በነፃ የሚያሳዩ ገጾች አሉ። ሜዳው ከመታየቱ በፊት ስክሪኑ ላይ «ፕሌይ» የሚሉ ትልልቅ አረንጓዴ ቁልፎች ይደረደራሉ፤ ሁሉም ውሸት ናቸው። እውነተኛዋ ትንሽ፣ ግራጫ፣ ጥግ ላይ የተደበቀች ናት። እሷ ከመገኘቷ በፊት አንድ ጥያቄ ይመጣል፣ ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ «አላው» የሚለውን ይጫኑ።

«እና ተጫንክ?» አልኩት።

«ሮቦት አይደለሁማ፣ አባዬ!»

የዚያች ቁልፍ ሥራ ግን ሌላ ነው። ብራውዘሮች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አንድ ድረ ገጽ ተዘግቶም ቢሆን ኖቲፊኬሽን እንዲልክ ይፈቅዳሉ። ዜና ሲመጣ፣ መልእክት ሲደርስ እንዲያሳውቅ ታስቦ የተሠራ መልካም ነገር ነው። «አላው» ያለ ሰው ግን ሮቦት አለመሆኑን ያረጋገጠ ይምሰለው እንጂ የፈረመው ለቲንጓ ነው። ቫይረስ አይደለም፤ ስለዚህ አንቲቫይረሱ ፈትሾ «ምንም የለም» ይላል። ውሸቱን አይደለም፣ በፈቃድ የገባ እንግዳ ነው።

ከዚያ ደግሞ የቪዲዮ ማጫወቻው አለ። ከፎርማቱ በኋላም ገጹ «ፕሌየርዎ አርጅቷል፣ አፕዴት ያድርጉ» አለው፤ አወረደ። ልጄ ፕሮግራም ሲጭን አይቼዋለሁ፤ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ የለም፣ ጣቱ ብቻ ነው የሚሠራው። ከኔክስቶቹ መሃል በአንዱ ገጽ ላይ፣ በደቃቃ ፊደል፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገባት ሳጥን ነበረች። ከፕሌየሩ ጋር የፍለጋ አገልግሎትም፣ የግዢ ረዳትም፣ የአየር ትንበያም እቀበላለሁ ትላለች። ለእያንዳንዱ ጭነት ለአከፋፋዩ ሳንቲም ይከፈለዋል፣ የነፃ ሶፍትዌር ነፃነት ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው ከዚያ ነው። የወሮበላ ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጃቫን ያህል የታወቀ ፕሮግራም ለዓመታት አስክ የሚባለውን ቱልባር በዚችው ዓይነት ሳጥን ነበር የሚያስጭነው። ክራክ ተደርጎ የመጣ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ሳጥኗም የለች፤ የሰበረው ሰው ለጽድቅ ብሎ አይሰብርምና ዋጋውን በራሱ መንገድ ይቀበላል።

ምርመራው ተዘጋ፣ ጽዳቱ ተጀመረ። ቀላሉ የቲንጓ ነገር ነበር። የክሮም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ። የተፈቀደላቸው ገጾች ዝርዝር ተከፈተ፤ ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀባቸው፣ ለመጥራት የማይመቹ ስሞች ከላይ እስከ ታች ተሰልፈዋል። አንድ በአንድ አጠፋናቸው። ከዚያም ማንም ድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን ልላክ ብሎ እንዳይጠይቅ ዘጋነው። ሳሎኑ ጸጥ አለ። እማማ ከሶፋው ላይ ሆነው «ስልኩ ተቆረጠ እንዴ?» አሉ።

ፒዲኤፍ ቀያሪውም አላስቸገረም፤ «ሪሙቭ» ተባለ፣ ወጣ። ባለቤቴ በአካውንቷ ገብታ ስለነበር ስረዛውም በዚያው ሲንክ በኩል ሄዶ ከዝርዝሩ አወጣው። ያስቸገረው የፕሌየሩ ጓደኛ ነው። ኤክስቴንሽኑ ይታያል፣ ስሙም አለ፣ «ሪሙቭ» የሚለው ግን የለም። ከክሮም ሜኑ ግርጌ ደግሞ ከዚህ በፊት ያላየነው አንድ መስመር ተጽፏል፤ ብራውዘርዎ በድርጅትዎ የሚተዳደር ነው።

ቤተሰቡ ሁሉ ስክሪኑ ፊት ተሰበሰበ።

«የምን ድርጅት?» አለች ባለቤቴ።

«እኔ እንጃ፤ የእኛ ድርጅት ነው የሚለው።»

«እኛ ድርጅት ነን?»

«ሥራ አስኪያጁ ማነው?» አለ ልጄ። ይህን ጥያቄ ማንም አልመለሰም፤ ሁላችንም ግን ወደ አንድ አቅጣጫ አየን። ባለቤቴ «ምን ታዩኛላችሁ?» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው የሚጠቀምበትን ብራውዘር በማዕከል ለመቆጣጠር ይፈልጋሉ። ይህ ኤክስቴንሽን በግድ ይጫን፣ ይህ ሴቲንግ አይነካ፣ የሚሉ ትእዛዞችን ፖሊሲ በሚባል መልክ የዊንዶውስ ሬጅስትሪ ውስጥ ይጽፋሉ። አድዌሩ ኔክስት፣ ኔክስት ሲባልለት የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ስላገኘ ያንኑ ቦታ ገብቶ ራሱን አለቃ አድርጎ ሾመ፣ የሹመት ደብዳቤውንም ራሱ ጻፈ። ብራውዘሩ ምስኪን ደብዳቤውን አይቶ ታዘዘ። ሬጅስትሪ ኤዲተርን ከፍቼ፣ መጀመሪያ ባካፕ ወስጄ፣ ፖሊሲስ ከሚለው ሥር የጉግልን፣ ከጉግል ሥር የክሮምን አገኘሁ። በግድ የሚጫኑ ኤክስቴንሽኖች ዝርዝር ውስጥ ያ ረጅም የፊደል ጅራት ብቻውን ተቀምጧል። ሰረዝኩት። ክሮም ተዘግቶ ሲከፈት የድርጅቱ ጽሑፍ ጠፋ። ድርጅታችን ፈረሰ፣ ቤተሰብ ሆንን። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ላይ ይህን ጽሑፍ ያየ ሰው ግን እጁን ይሰብስብ፤ የእሱ አለቃ እውነተኛ ነው።

አልቋል ብለን ዴስክቶፑ ላይ ያለውን አይከን ስንጫን ያ የፍለጋ ገጽ ፊታችን ድቅን አለ። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ መነሻ ገጹ ባዶ ነው፣ ኤክስቴንሽን የለም። ልጄ አይከኑን በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ አለውና «ታርጌት» የሚለውን መስመር እስከ መጨረሻው ጎተተው። ክሮም ዶት ኢኤክስኢ ይላል፣ የጥቅስ ምልክቱ ይዘጋል፣ ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ፣ ከክፍት ቦታው ቀጥሎ የገጹ ሙሉ አድራሻ። በሽታው ብራውዘሩ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም፤ መክፈቻው ላይ ነው የተለጠፈው። ጅራቱን ቆረጥነው፣ ስታርት ሜኑ ላይና ታስክባር ላይ ያሉትንም እንዲሁ። ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ደግሞ «አፕዴት» የሚል ጨዋ ስም ይዞ፣ በየሰዓቱ ተነሥቶ የጠፋውን ሁሉ መልሶ የሚተክል ሥራ ተመዝግቦ አገኘን። እሱ ባይገኝ ኖሮ እስካሁን እየነቀልን ነበር።

በመጨረሻ አድደብሊውክሊነር የሚባለውን የአድዌር ማጽጃ አስኬድን፣ የረሳነውን ይልቀም ብለን። ትንሽ ነው፣ መጫን እንኳ አይፈልግም፤ ኔክስት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ፈረንሳዊ የጀመረው ሥራ ነው፣ በ2016 ማልዌርባይትስ የሚባለው ድርጅት ገዛው። የማልዌርባይትስ መሥራች ማርሲን ክሌቺንስኪ በልጅነቱ ጨዋታ ሲፈልግ የወላጆቹን ኮምፒውተር በቫይረስ ያስበከለ ልጅ እንደነበር ሳነብ የልጄ ፊት በራ። «አየህ አባዬ» አለኝ። ምን እንዳይ እንደፈለገ ገብቶኛል፤ አላየሁለትም። ይህን የመሰለ ማጽጃ ሲፈለግ ከሠሪው ገጽ በቀጥታ ማውረድ ነው፤ ከፍለጋው ውጤት አናት ላይ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ የታወቀ ስም የለበሰ ማስታወቂያ ነው። ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ስለዚሁ ሕዝቡን አስጠንቅቆ የማስታወቂያ ማገጃ ተጠቀሙ ብሎ መክሯል። ፖሊስ እንደዚህ ያለ ምክር ሲሰጥ ሳላመነታ እታዘዛለሁ፤ ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጂንን ጫንኩ።

ድርጅታችን ቢፈርስም አንድ ሹመት ግን ቀርቷል። አድሚኒስትሬተሩ እኔ ነኝ። ልጄ የራሱ አካውንት አለው፣ ፕሮግራም ልጫን ሲል ማሽኑ የእኔን ፓስወርድ ይጠይቃል። ባለቤቴም የራሷ አላት፤ ፓስወርዴንም ታውቀዋለች። እማማ በበኩላቸው ጉዳዩን አልዘጉትም። ወደ ደብረ ብርሃን ሲሸኙ «የመስከረሙን ዲቪ በሚገባው ቦታ ሙላልኝ» ብለውኝ ሄደዋል፣ ፎቶአቸውንም ተነሥተው።

እሑድ ዕለት አርሴናልና ማንቸስተር ነበሩ። ልጄ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከኮምፒውተሩ ፊት ጠራኝ።

«አባዬ፣ ፕሌየሩ አፕዴት ይፈልጋል።»

«አይፈልግም።»

«ይፈልጋል እያለ እኮ ነው!»

መነጽሬን ፈልጌ፣ ወንበር ስቤ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ደቃቃውን ፊደል ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ከታችኛው ፎቅ «ጎ-ል!» የሚል ጩኸት ሕንፃውን አናወጠው። ልጄ ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቅ ደረጃውን ወረደ። እኔም ኤክሷን ነክቼ ዘጋሁት፤ እውነተኛዋ ኤክስ ነበረች። ከእረፍት በፊት ጎረቤቴ ሶፋ ላይ ቦታ አገኘሁ።